ባላገሯ ሚስ ሎሪን

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ጥፋቴ እንዲከብድ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰሜን አሜሪካን ካርታ በጠመኔ ስስል፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ከምንጩ እስከ ባሕሩ ዓይኔን ጨፍኜ ሳወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ቀይ ህንዶች የት ሄዱ?» ሲለኝ «አልቀዋል» እለው ነበር። አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። እንዲያውም ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፤ «አሉ» ብሎ የመለሰ ተማሪ ዜሮ አግኝቷል። ያ ልጅ ይህን የሚያነብ ከሆነ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ኦክላንድ መጣሁ። እዚህ ካርታ ሳልልን የሚለኝ ሰው ስላልተገኘ ኬርጊቨር ሆንኩ። አቅመ ደካሞችን ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆ ሁለት ጊዜ ስሙን ስለቀየረ እኔም ራሴ ይምታታብኛል።

አንድ አመል አለኝ። አበሻ ካገኘሁ፣ ሰላምታው ሳያልቅ «አገርህ የት ነው?» እላለሁ። «አዲስ አበባ» ካለኝ አልለቀውም፤ የአባቱን አገር እጠይቃለሁ፣ ከዚያ የእናቱን። መልሱን ሳገኝ ሰውየው ምን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደሚጠላ፣ በማኅበሩ ምርጫ ለማን እንደሚሰጥ ያወቅኩ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አመሌን ግን አልተውኩም።

ሚስ ሎሪንን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኋቸውም።

ሚስ ሎሪን በምሥራቅ ኦክላንድ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ናቸው። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ገብቼ አብሬያቸው እውላለሁ። ጠይም ናቸው፣ ነጭ ጸጉራቸው ወደ ኋላ ተጎንጉኗል። መጀመሪያ ቀን በሩን ሲከፍቱልኝ አየት አደረግኳቸውና በልቤ «ሜክሲኮ ናቸው» አልኩ፤ በዚያው አለቀ። በየጠዋቱ ስገባ ያለችኝን አንዲት ስፓኒሽ አውጥቼ «ቡዌኖስ ዲያስ!» እላለሁ። እሳቸው በእንግሊዝኛ «ደህና አደርክ» ይሉኛል። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ለባህል ቀኑ ከከተማው አስተዳደር አንድ አዳራሽ በነጻ ተፈቀደለት። ከፈቃዱ ጋር አንድ ወረቀት ተያይዞ መጣ፤ ዝግጅቱ ሲከፈት የምድሪቱ የመጀመሪያ ባለቤቶች ይታወሱ፣ ቢቻል አንድ ሰው ከነባሮቹ ተጋብዞ ይናገር ይላል። ሊቀመንበራችን ኢንጂነር መኮንን ከሳን ሆዜ ደወሉልኝ። ኢንጂነር ምን እንደገነቡ የሚያውቅ የለም፤ ማዕረጉ ግን ምንጊዜም ከስማቸው ቀድሞ ይገባል።

«ደሬ፣ አንድ ኔቲቭ አሜሪካን ፈልግልኝ፤ ሪኳየርመንት ነው» አሉኝ። «ደግሞ ኦሪጅናል ይሁን። ላባ ያለው።»

«ኢንጂነር፣ ከየት አመጣለሁ? አልቀው የለ እንዴ?»

«ጎግል አድርግ እንጂ! አንተ አይደለህ እንዴ የጂኦግራፊ ሰው?»

ይህን ስንነጋገር እኔ ሚስ ሎሪን ወጥ ቤት ቆሜ የሳምንቱን ኪኒናቸውን በየቀኑ ሳጥን እየከፋፈልኩ ነበር። ስልኩ በስፒከር ነው። አማርኛው ባይገባቸውም «ኔቲቭ አሜሪካን» የሚለው ደጋግሞ ጆሯቸው ገብቷል። ስልኩን ስዘጋ፣

«ማን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ።

«ለዝግጅታችን ኔቲቭ አሜሪካን ፈልግ ተብዬ ነው። ምናልባት የሚያውቁት ሰው ይኖራል?»

«ስንት ነው የምትፈልገው?»

«ኧረ አንድ ይበቃኛል።»

«አንድ ከሆነማ ይቻት ተቀምጣለች» አሉና ሻያቸውን ፉት አደረጉ።

እጄ ላይ የነበረው ኪኒን ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንበርክኬ እየለቀምኩ፣ «እርስዎ? እርስዎ ሜክሲኮ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

አሰብኩት። የነገረኝ ሰው የለም።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡዌኖስ ዲያስ ስልዎት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ስፓኒሽ የምትለማመድ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ላሳፍርህ አልፈለግኩም።»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለኔ ነው። አፈርኩ፤ ከአንገቴ በላይ የሆነ ይቅርታ ሳይሆን፣ ጆሮዬ ድረስ የጋለ እፍረት ነበር። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በሁለት ዓመቴ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። አገርዎ የት ነው?

ፈረንጅ ቾክታው ይለናል፣ እኛ ራሳችንን ቻታ ነው የምንለው አሉኝ። አገራቸው ሚሲሲፒ ነው። እዚያ ናኒ ዋያ የሚባል ከአፈር የተከመረ ኮረብታ አለ፤ እናታችን ነው ይሉታል። ጥንት ሕዝቡ ከሩቅ ሲመጣ ማታ ማታ አንድ ምሰሶ ይተክሉ ነበር። ጠዋት ምሰሶው ወደዘመመበት አቅጣጫ የሙታኖቻቸውን አጥንት ተሸክመው ይጓዛሉ። አንድ ጠዋት ሲነሱ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ተገኘ፤ እዚያው ተቀመጡ። ይህን ስሰማ የኛ ምሰሶ ወደ ዲቪ እንደዘመመ ቀርቷል ብዬ አሰብኩ፤ ለሳቸው ግን አልተናገርኩም።

ከዚያ መንግሥት መሬቱን ፈለገው። የአያታቸው አያት በብርድ ወራት በእግር ወደ ኦክላሆማ ተነዱ፤ በየመንገዱ ብዙ ሰው ቀረ። አንዳንዶቹ ጫካ ተደብቀው ሚሲሲፒ ቀሩ፤ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ፣ ኮረብታውም ተመልሶላቸዋል። ሚስ ሎሪን ኦክላሆማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ደግሞ ያው መንግሥት መጣና «ከተማ ሂዱ፣ ሥራ አለ፣ ቤት አለ» ብሎ የመሄጃ ትኬት ብቻ ሰጥቶ ኦክላንድ ላካቸው።

«ሎተሪ የሌለው ዲቪ ይበሉት» አልኩ።

«መመለሻ የሌለው» አሉኝ።

የባህል ቀኑ ላይ ይመጡልኝ እንደሆን ለመንኳቸው። ወዲያው እሺ አላሉም። ጽዋቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆዩና አንድ ነገር ነገሩኝ። የመርሳት ሕመም መጀመሩን ሐኪማቸው ነግሯቸዋል፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። የማላውቀው ሌላውን ነው። በቋንቋቸው የሚያናግሯት አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ ኦፓል የምትባል፣ ኦክላሆማ የምትኖር። እሁድ እሁድ በስልክ ያወሩ ነበር። በጸደይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቋንቋ አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

«ቃሎቹ እየሄዱብኝ ነው» አሉ። «ሌሊት ተኝቼ እቆጥራቸዋለሁ፣ የጎደለ አለ። እመጣልሃለሁ፤ ግን በቋንቋዬ ነው የምናገረው። ሳይጠፋብኝ አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት ቆሜ ማን እንደሆንኩ መናገር እፈልጋለሁ።»

«ሚስ ሎሪን፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እኮ አንድ የሚገባው ሰው አይኖርም።»

«በእንግሊዝኛ ስናገርም የሚገባው ሰው አላገኘሁም» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ተለማመድን። ከወረቀት አላነብም፣ ከአፌ ነው መውጣት ያለበት ስላሉ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ደግሞ ቢጠፋባቸው እንዳስታውሳቸው በፊደላችን እየጻፍኩ እይዛለሁ። «ሃሊቶ» ሰላምታ ነው። «ቻታ ሲያ ሆኬ» እኔ ቻታ ነኝ ማለት ነው። እኔ ሆኬን ኦኬ እያልኩ አስቸገርኳቸው። ስምንት መስመር ሆነ። ጠዋት ጠዋት ስምንቱንም አንድ ሳያጎድሉ ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ግን ነገር ይደባለቅባቸዋል። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ልናገርና፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስሜ ይጠፋቸዋል፣ ለኦፓል ደውልልኝ ይሉኛል። ስለዚህ ቀነ ቀጠሮው ላይ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነበር። ፕሮግራሙ የሚጀምረው በሰባት ሰዓት ነው ተብሏል፤ መክፈቻው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለን፣ ይበቃናል ብዬ ተዝናናሁ።

አንባቢዬ፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አሁን ገብቶሃል። እኔ ግን አስራ አንድ ዓመት ካርታ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የወገኖቼን ሰዓት ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ ይዣቸው አዳራሹ ደረስኩ። ሰማያዊ ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጫፉና ሽርጡ ላይ እንደኛ ጥለት ያለ፣ በተከታታይ የተሰፋ ነጭ ባለ አራት ማዕዘን ጌጥ አለው። በመኪና ውስጥ ስምንቱንም መስመር ሁለት ጊዜ ብለውልኛል። ፊታቸው ፈክቷል።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አንዷ የምግብ ኮሚቴዋ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ሌላው ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሰበሰበ የእስያ መልክ ያለው ወጣት ነው፤ እትዬ በእጃቸው እየጠቆሙ ወንበር ያስደረድሩታል።

«ይኸ ወንበር አከራዩ ነው» አሉኝ። «ታዛዥ ልጅ ነው፣ ይባረክ። አንድ ነገር አይገባውም እንጂ።»

ኢንጂነር መኮንን ጋ ደወልኩ።

«ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ፤ ኤይት ኤይቲ ሃይዌይ ላይ ነኝ፣ ትራፊክ ነው» አሉኝ። ከድምፃቸው ጋር የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል።

ሰባት ተኩል ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ገባና ባዶውን አዳራሽ አይቶ «በጊዜ መጣን መሰለኝ» ብሎ ወጣ። እትዬ ጥሩነሽ ለሚስ ሎሪን ምግብ አቀረቡላቸው፤ ቀሚሳቸውን ዳሰሱና «ይኸ የእጅ ስፌት ነው፤ ማን ሰፋልዎት በላቸው» አሉኝ። «እህቴ» አሉ ሚስ ሎሪን።

«ፕሮግራማችሁ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለው ጠየቁኝ ትንሽ ቆይተው።

«አሁን ነው። እኛ ዘንድ ሰዓት ትንሽ ይለጠጣል። የአበሻ ቀጠሮ እንለዋለን።»

ሳቁ። «እኛ ቀይ ህንዶቹ ደግሞ የህንድ ሰዓት እንለዋለን። የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ላይ ኢንጂነር ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ በእጃቸው ትልቅ ላስቲክ ይዘው ገቡ። ሚስ ሎሪንን ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ላባው የታለ?»

«የነሱ ሕዝብ ልብስ ይሄ ነው፣ ኢንጂነር።»

«አውቄ ነው እኮ ጥንቃቄ ያደረግኩት» አሉና ከላስቲኩ ውስጥ ለሃሎዊን ጭምብል በዓል የሚሸጥ የላባ ዘውድ አወጡ፤ ባለ ቀይ፣ ባለ ቢጫ፣ ባለ ሐምራዊ ላባ ነው። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ለሚስ ሎሪን አቀረቡላቸው።

ሚስ ሎሪን ላባውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይህን ወፍ አላውቀውም» አሉ። ገልብጠው ከውስጥ የተሰፋችውን ጨርቅ አነበቡ፣ «አሃ፣ የቻይና ወፍ ነው» አሉና መለሱላቸው።

«ኢንጂነር፣ እባክዎን አሁን እንጀምር» አልኳቸው። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል። ይረሳሉ። የመጡት ለዚህች አንዲት ነገር ነው።»

«እንዴት ስታርት እናደርጋለን? የከተማው አስተዳደር የሚልከው ሰውዬ አልመጣም! ሴትዮዋ የምትከፍተው ለሱ አይደለም እንዴ? እሱ በሌለበት ብትናገር ማን ሪፖርት ያደርገዋል?»

«ሰውየውን ያውቁታል?»

«በኢሜይል ነው የማውቀው። ባለሥልጣን ነው፣ ይታወቃል፤ ሲገባ እናየዋለን።»

አዳራሹ መሙላት ጀመረ። ኮሚቴው ደግሞ ከመድረኩ ኋላ አንድ ነገር ያዘ። «ይታወሱ» የሚለውን ርክክብ አድርገው ተረድተውት ኖሯል፤ ሚስ ሎሪን ምድሩን ሲያስረክቡን በማኅበሩ ስም ማን ይቀበላል? አንዱ «የኛ ወገን በቁጥር ይበልጣል» አለ። ሌላው «በዕድሜ እኛ እንቀድማለን» አለ። ሦስተኛው በሦስት ቋንቋ ይሁን አለ፤ አራተኛው የትኛው ቋንቋ ይቅደም ብሎ ጠየቀና ሁለት ሰዎች ክራቫት ለክራቫት ተያያዙ። ማንም ያልሰጠንን መሬት ለመቀበል ተጣላን። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ «በሕገ ደንባችን መሠረት ጸሐፊው ነው የሚቀበለው» ብዬ ነበር።

ስመለስ ሚስ ሎሪን የወረቀት መሐረብ እያጠፉ፣ እየዘረጉ፣ እንደገና እያጠፉ ነው። ሰዓቴ ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ።

«ኦፓል ዘገየች» አሉኝ።

«ሚስ ሎሪን፣ እኔ ደረጀ ነኝ። የመጀመሪያዋን መስመር ይበሉልኝ።»

«የምን መስመር?»

ሮጬ ኢንጂነርን ክንዳቸውን ያዝኳቸው። ምን እንዳልኳቸው ሙሉውን አልጽፈውም። በዚህ መሃል እትዬ ጥሩነሽ የወንበር አከራዩን ልጅ ምግብ ሊያበሉት ይጎትቱታል። ልጁ አፍሮ፣ ትሑት ሆኖ ወደኛ ጠጋ አለና «ይቅርታ፣ መቼ እንደምትጀምሩ ማወቅ እችላለሁ? ከከተማው አስተዳደር ነው የመጣሁት» አለ።

ከሰባት ሰዓት በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር። በሰዓቱ መጥቶ፣ ሁለት መቶ ወንበር ደርድሮ፣ የውሃ ካርቶን ተሸክሞ፣ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ሁሉ ቀይሯል። እትዬ ጥሩነሽ ሲተረጎምላቸው «እሰይ፣ ባለሥልጣን እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው» አሉ።

ፕሮግራሙ ወዲያው ተጀመረ። ኢንጂነር ማይክሮፎኑን ጨበጡ። «ኢንዲጂነስ» የሚለውን ቃል ለአማርኛው ክብር ሲሉ መዝገበ ቃላት ገልጠው አዘጋጅተውት ኖሯል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አሁን የዚህች ምድር ባላገር የሆኑት እናት ወደ መድረክ መጥተው ምድራቸውን ያስረክቡናል!» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባላገር! ከኋላ አንዱ «ኧረ አይሳደቡ ኢንጂነር!» ብሎ ጮኸ። እኔ ሚስ ሎሪንን ደግፌ ወደ መድረኩ እየወጣሁ ነበር። ሳቁን ሰሙ። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙና ወደኔ ዞሩ።

«ምን ብሎ ነው የጠራኝ?»

ድምፃቸው በስፒከሩ ወጣ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። መዋሸት እችል ነበር።

«ባላገሯ ምድራቸውን ያስረክቡን ነው ያሉት» አልኩ። «ባላገር ሲተረጎም አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይስቃሉ?»

«እኛ ዘንድ… ስድብ ነው። ያልሰለጠነ ማለት ሆኗል።»

«የአገር ባለቤት መሆን ስድብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህም እንደዚያው ነው።»

የሚስቅ ሰው አልቀረም። እንግሊዝኛ የማይሰሙት እናቶች ልጆቻቸውን «ምን አለች?» ይላሉ፤ ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው ያስረዳሉ። ሚስ ሎሪን ቀጠሉ። «ሰውየው አስረክቢን ብሎኛል። የኔ አይደለም። የኔ አገር ሚሲሲፒ ነው፣ እዚህ እንደናንተ ተከራይ ነኝ። የዚህ ባለቤቶች ኦሎኒ ይባላሉ። በሕይወት አሉ፣ ስልክም አላቸው። ማንም ደውሎላቸዋል?»

ኢንጂነር እኔን አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ተከራይ ጠርተን በአከራይ ቦታ ልናስፈርም ነበር።

«እኔ የራሴ የሆነ አንድ ነገር አለኝ፣ እሱን ልበላችሁ» አሉና ቀና ብለው ቆሙ።

«ሃሊቶ» አሉ።

ከዚያ ዝም አሉ።

መጀመሪያ ሰው ትንፋሽ ለመውሰድ መስሎት ጠበቀ። አፋቸው ይከፈታል፣ ቃል አይወጣም። ዓይናቸው አዳራሹን ዞረ፤ ሊያዩ የሚፈልጉት ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም። መሐረቧን ማጠፍ ጀመሩ። ከኋላዬ ኢንጂነር «ታይም፣ ታይም፤ በቃ ቴንክ ዩ በላትና አውርዳት» ይሉኛል። እትዬ ጥሩነሽ ከፊት ረድፍ ሆነው በዚያ በወፍራም ድምፃቸው «ዝም ይበሉ እርስዎ! ሴትዮዋ ልትናገር ነው!» አሏቸው። ያቺ ሴት በዕድሜዋ የመጨረሻ የፈለገችው ነገር ይህ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ሁለቱን ጥሩ ሰዓቷን ሻወርና ክራቫት ላይ በልተንባታል።

ወረቀቴን አወጣሁ። ጠጋ አልኩና በጆሯቸው «ቻታ» አልኩ።

እንደማያውቁኝ አዩኝ።

«ቻታ ሲያ…»

ጣታቸው መሐረቧ ላይ ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ከዚያች ሰውነታቸው ይወጣል ብዬ በማላስበው ድምፅ «ቻታ ሲያ ሆኬ!» አሉ።

ከዚያ የሚያግዳቸው አልነበረም። ስማቸውን አሉ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ አሉ፣ ናኒ ዋያ አሉ። በጣቴ መስመር በመስመር እከተላለሁ። ስምንተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ያበቃል ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። ወዳልተለማመድነው፣ እኔ ሰምቼው ወደማላውቀው ቃል ገቡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ለዘብ አለ፣ ይጠይቃሉ፣ መልስ እንደሚሰሙ ያህል ይቆያሉ፣ ፈገግ ይላሉ። መሃል ላይ «ኦፓል» ሲሉ ገባኝ። ለኛ መናገሩን ትተውት ነበር። እሁድ በስልክ የሚያወሩትን እያወሩ ነበር። አለቀስኩ፤ አልደበቅኩትም። ያ ሁሉ ሰው አንድ ቃል ሳይገባው ጸጥ ብሎ ሰማ። በማኅበራችን ታሪክ ተናጋሪ ያልተቋረጠበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ «ያኮኬ» አሉ፤ አመሰግናለሁ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ተነስተው መድረክ ድረስ ሄዱና ጉልበታቸውን ስመው አወረዷቸው። የመቀበያውን ንግግር ማንም አላነሳውም።

ወደ ቤት ስመልሳቸው መኪና ውስጥ፣

«ተናገርኩ እንዴ?» አሉኝ።

«ተናገሩ።»

«ገባቸው?»

«አንድም ሰው አልገባውም።»

«ደህና» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ቅዱስ ሆንኩ ብዬ አላታልላችሁም። ማኅበራችን ዘንድሮም ለሦስተኛ ጊዜ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል፤ ምክንያቱ አሁንም መሬት ነው፣ ማንኛችንም የማንኖርበት መሬት። ለውጡ ትንሽ ነው። ሰኞ ዕለት ኦሎኒዎቹ ጋ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት አነሳችና «ባለፈው ሳምንት ደውላችሁ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለችኝ፣ ልክ ናት። ሁለተኛ፣ «አገርህ የት ነው?» የምትለዋን ጥያቄ መጠየቄን አልተውኩም፤ ግን ድሮ መልሱን የምፈልገው ሰውየውን ለመመደብ ነበር። አሁን እጠይቅና ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ ረጅም ነገር እንዳለው ያላወቅኩት እስከ መጨረሻው ስላልሰማሁ ነው ለካ። እናንተም ብትሞክሩት አትጎዱም። ከቤታችሁ ራቅ ያለ ሰው ላይ ጀምሩ፤ ወንበር የሚደረድረውንም አትዝለሉት።

ሚስ ሎሪን እየባሰባቸው ነው። አሁን ጠዋቱም እንደ ከሰዓት ሆኗል። እኔም በየጠዋቱ ስገባ «ሃሊቶ» እላለሁ፣ ቀጥዬም አገርዎ የት ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይመልሳሉ፣ አንዳንድ ቀን በመስኮት እያዩ ዝም ይላሉ።

ባለፈው ሐሙስ ጠየቅኋቸው፣ አልመለሱም። እንደገና ጠየቅኋቸው። ማን እንደሆንኩም፣ ማን እንደሆኑም አላወቁም። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እኔው መለስኩላቸው፤ ስምንቱንም መስመር፣ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ኮረብታውን፣ በዚህ በአማርኛ በተኮላተፈ አፌ አንድ በአንድ አልኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

ከዚያ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱና፣ «ተሳስተሃል» አሉኝ። ጠመኔ እንደያዘ አስተማሪ፣ እኔን እንደ ተማሪ እያዩኝ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው አረሙኝ።